ከሆቴል መድረክ ወደ መኖሪያ ክፍል፦ የኪቦርድ ታሪክ በባምቢስና በካዛንቺስ ዙሪያ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከመስቀል አደባባይ ወደ ዑራኤል በሚወስደው የጆሞ ኬንያታ ጎዳና ላይ የሚገኘው ባምቢስ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያው ከተቋቋመ የግሪክ ተወላጆች ሱፐርማርኬት ሲሆን፣ «ባምቢስ» ራሱ ካራላምቦስ የሚለው የግሪክ ስም የቁልምጫ መጠሪያ ነው። አጎራባቹ ካዛንቺስም በባዕድ ቃል የተሰየመ ሰፈር ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ያሠራ የነበረው የጣሊያን ተቋም «ኢንቺስ» በሚል ምህጻረ ቃል ይታወቅ ስለነበር፣ «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች፣ የሚለው አጠራር በከተማው ሰው አንደበት ተለዝቦ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ሁለቱ ስሞች የሚመሰክሩት፣ ይህ የከተማዋ ክፍል ከውጭ የመጣን ነገር ተቀብሎ የራሱ ማድረግ የለመደ መሆኑን ነው፤ በዚሁ መንገድ ከመጡትና እዚሁ አካባቢ አዲስ ጠባይ ካገኙት ነገሮች አንዱ ደግሞ ኪቦርድ ነው።

ኪቦርድ የሚለው ቃል በአዲስ አበባ አነጋገር ሰፊ ትርጉም አለው። ብዙ ሰው፣ በተለይም በመዘምራን አካባቢ ያደገ ሰው፣ ቁልፎች ያሉትን ማንኛውንም የኤሌክትሪክ መሣሪያ «ኦርጋን» ብሎ ይጠራዋል፤ ሙዚቀኞች ግን ፒያኖን፣ ኦርጋንን፣ ሲንተሳይዘርንና ሚዲ ኪቦርድን ለይተው ያውቃሉ። ሲንተሳይዘር ድምፅን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ከምንም ተነሥቶ የሚፈጥር መሣሪያ ሲሆን፣ ሚዲ ኪቦርድ ግን በራሱ አንዳችም ድምፅ የለውም፤ የተጫነው ቁልፍ የትኛው እንደሆነና በምን ያህል ኃይል እንደተመታ ለኮምፒዩተር ይነግራል፣ ድምፁን የሚያወጣውም በኮምፒዩተሩ ላይ የተጫነው ፕሮግራም ነው። ዛሬ በመኖሪያ ክፍሉ ሙዚቃ ለመሥራት የሚያስብ ወጣት በቅድሚያ የሚገዛው ይህንኑ ድምፅ አልባ መሣሪያ በመሆኑ፣ ምርጫው የዋጋ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ ተመጣጣኝ ኪቦርድ ለኢትዮጵያ ዜማ ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለውን ለመመለስ፣ ባለ ቁልፍ መሣሪያ በዚህች ከተማ በማን እጅ እንደነበረና ከአገሩ ቅኝት ጋር እንዴት እንደተላመደ መመልከት ያስፈልጋል።

ዘመናዊው ሙዚቃ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በትንፋሽ መሣሪያዎች እንጂ በቁልፍ አልነበረም። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ከዳግማዊ ኒኮላስ የተላኩት የነሐስ መሣሪያዎች፣ ቀጥሎም በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ የሰልፍ ባንድን ልማድ አጸኑ። ፒያኖ በዚያ ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ቤት ዕቃ ነበር። የዚህ ምሳሌ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ውስጥ ከታላቅ ቤተሰብ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ የተማሩ ሲሆን፣ በኋላም በካይሮ በአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ሥር ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በ1967 እ.ኤ.አ. በጀርመን የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው የኢትዮጵያ ቅኝት ምን ያህል ወደ ፒያኖ ቁልፎች ሊወርድ እንደሚችል ካሳዩት ሥራዎች ሁሉ ቀዳሚውን ቦታ ሊሰጠው ይገባል፤ እማሆይ የዜማውን ጌጥ፣ ማለትም ድምፃዊ በአንድ ፊደል ላይ የሚያደርገውን መርገብገብ፣ ፈጥነው በሚነኩ ተጓዳኝ ቁልፎች ተክተውታልና። ሆኖም 88 ቁልፎች ያሉት ያ ከባድ መሣሪያ ለብዙኃኑ ሙዚቀኛ እጅግ ሩቅ ነበር።

ፒያኖን ተክቶ ወደ ተራው ሙዚቀኛ ትከሻ የወረደው አኮርዲዮን ነው። ባለ 120 ባሱ ሙሉ አኮርዲዮን በቀኝ እጅ በኩል 41 ቁልፎች አሉት፤ መብራት አይፈልግም፣ በሠርግ ቤትም በጦር ሠራዊት ካምፕም ይሠራል፣ የአየር ከረጢቱን በመሳብና በመግፋት ድምፁን ማጉላትና ማለስለስ ስለሚቻልም ከፒያኖ ይልቅ ለሰው ድምፅ የቀረበ ነው። ኋላ በኦርጋን ዝነኛ የሆነው ኃይሉ መርጊያ በጦር ሠራዊት ውስጥ ሳለ የጀመረው በዚሁ መሣሪያ ነበር። ይህ ሊታወስ የሚገባው ነገር ነው፤ ከኢትዮጵያ ቀደምት ኪቦርዲስቶች አንዱ እጁን ያሠለጠነው በሙሉ ፒያኖ ላይ ሳይሆን፣ ግማሽ ያህል ቁልፍ ብቻ ባለው፣ ዜማውን በቀኝ እጅ ብቻ በሚያስኬድና እስትንፋስ ባለው መሣሪያ ላይ ነው።

የኤሌክትሪክ ኦርጋንና የኤሌክትሪክ ፒያኖ የመጡት ከሆቴሎችና ከምሽት ክበቦች ጋር ነው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባሉት ዓመታት የአሁኑ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የአገሪቱ እንግዳ መቀበያ ሆኖ ነበር፦ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ የአፍሪካ አዳራሽ፣ ቀጥሎም ሒልተን ሆቴል እዚሁ ተሠሩ። የውጭ ዲፕሎማትና ባለሥልጣን በየምሽቱ የሚጨፍርበት መድረክ ሲበዛ፣ ለመድረኩ የሚሆን መሣሪያም ከውጭ መጣ፤ የመሣሪያው ባለቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙዚቀኛው ሳይሆን የክበቡ ወይም የሆቴሉ ባለቤት ነበር። ይህ ሥርዓት ሙዚቀኛውን በቀላሉ በማይፈታ ገመድ ያስረው ነበር፤ ከሥራው ቢለቅ መሣሪያውን ጥሎ የሚወጣ ሰው ስለ ደመወዝም ስለ ሙዚቃው ዓይነትም የመደራደር አቅም የለውምና። በ1960ዎቹ የተቋቋመው ዋልያስ ባንድ በዚህ ረገድ ያለው ቦታ ከሙዚቃው ባሻገር ነው፤ የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው ከተንቀሳቀሱት ቀደምት ነፃ ባንዶች አንዱ እሱ ነበርና። ባንዱ በሒልተን መድረክ ላይ ለረጅም ዓመታት ሲጫወት የኦርጋኑ መሪ ድምፅ የኃይሉ መርጊያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ቸ በለው» የተሰኘው የመሣሪያ ሙዚቃ አልበምም ኦርጋን በድምፃዊ ቦታ ገብቶ ዜማ ሊሸከም እንደሚችል በግልጽ ያስመሰከረ ሥራ ነው።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የተደነገገው የሰዓት እላፊ ገደብ የምሽት ሕይወትን አዳከመ፤ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው እንዲያድር ስለሚገደድ፣ በትልልቅ ሆቴሎች የሚጫወቱ ባንዶች ሌሊቱን ሙሉ መጫወት የሥራቸው ግዴታ ሆነ። ብዙ የትንፋሽ ተጫዋቾችን መቅጠር አዳጋች እየሆነ ሲመጣ፣ በአንድ ሰው እጅ የቫዮሊንንም የነሐስንም ድምፅ የሚተካው ኪቦርድ እየተፈለገ ሄደ። የሸክላ ኅትመት ተቋርጦ ካሴት ብቸኛው የሙዚቃ መሸጫ በሆነበት በዚያ ጊዜ ቀድሞ አይቤክስ የተባለው ባንድ ሮሃ ሆኖ በርካታ ድምፃውያንን አጀበ፤ በዚያ ባንድ ኪቦርድ የተጫወተውና ያቀናበረው ዳዊት ይፍሩ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ሙዚቀኞች ማኅበርን በፕሬዚዳንትነት የመራው፣ የ1970ዎቹ የካሴት ድምፅ ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ እንዲቀረጽ ካደረጉት ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት ሊጠቀስ ይገባል።

በቤት ውስጥ፣ ብቻን ሆኖ፣ በኪቦርድ ሙሉ ሙዚቃ የመሥራት ልማድ ግን በኢትዮጵያውያን ዘንድ ጎልቶ የታየው በስደት ነው። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ለዝግጅት ሲሄድ እዚያው ከቀሩት አባላት አንዱ የነበረው ኃይሉ መርጊያ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ፣ ባንድ ሳይኖር፣ የወጣትነት መሣሪያውን አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሙግ ሲንተሳይዘር፣ ከያማሃ ዲኤክስ 7 እና ከድራም ማሽን ጋር እያደራረበ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው ከተማ ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ሔኖክ ተመስገንና አበጋዝ ክብረወርቅ ሽዮታ ያሉበት አድማስ የተባለው ቡድን ተመሳሳይ መሣሪያዎችን ተጠቅሞ አንድ አልበም አሳትሞ ነበር። ሁለቱም ሥራዎች በወቅቱ በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ቢገቡም፣ ከሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ በውጭ አሳታሚዎች ዳግም ታትመው በዓለም ዙሪያ አድማጭ አግኝተዋል። ኃይሉ በእነዚያ ዓመታት የዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ሹፌር ሆኖ ሲሠራ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ በመኪናው ሻንጣ ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር፤ የኪቦርድ ዋጋ ወርዶና ክብደቱ ቀሎ በግለሰብ እጅ መግባቱ ለአንድ ሙዚቀኛ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

እነዚህ ሥራዎች በተሠሩበት ጊዜ የመሣሪያው ዓለም ከሥሩ ተለውጦ ነበር። እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ የአንዱ ፋብሪካ ሲንተሳይዘር ከሌላው ጋር አይግባባም ነበር፤ የአሜሪካው የሲኩዌንሻል ሰርኪትስ መሥራች ዴቭ ስሚዝና የጃፓኑ የሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ ሌሎች አምራቾችንም አስተባብረው ሁሉም የሚጠቀምበት አንድ የጋራ ቋንቋ እንዲወጣ አደረጉ። ይህ ቋንቋ «ሚዲ» ተባለ፤ የቃሉ ፍቺ የሙዚቃ መሣሪያዎች ዲጂታላዊ መገናኛ ማለት ነው። በጥር 1975 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ1983 መጀመሪያ፣ በአሜሪካ በተካሄደ የሙዚቃ ዕቃዎች ትርኢት ላይ የሁለቱ ኩባንያዎች ኪቦርዶች በአንድ ገመድ ተገናኝተው አንዱ ሲነካ ሌላው ድምፅ ሰጠ። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ እስከ ዛሬ ጸንቷል፦ አንድ ገመድ 16 መስመሮችን ይሸከማል፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ከ0 እስከ 127 ባለው ቁጥር ይታወቃል፣ የአመታቱ ኃይልም እንዲሁ በዚያው ልክ ይለካል፤ በሴኮንድ 31,250 ቢት የሚያስተላልፈው ይህ መስመር አንድን ድምፅ ለማዘዝ ከአንድ ሚሊሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። በዚያው ዓመት የወጣው ዲኤክስ 7፣ 61 ቁልፎችና የሚዲ መሰኪያ ያለው፣ በ1,995 ዶላር ይሸጥ ነበር። ዛሬ ድምፅ አልባ ሚዲ ኪቦርድ በ100 ዶላር አካባቢ ይገኛል።

ዋጋው ቢወርድም መሣሪያው ይዞት የመጣ አንድ ችግር አልተፈታም፤ እሱም የቅኝት ችግር ነው። ቅኝት ማለት ዜማው የሚመላለስባቸው ድምፆች አመራረጥና አቀማመጥ ሲሆን፣ ዋና ዋናዎቹ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አምስት አምስት ድምፆች አሏቸው። በፒያኖ ሲጻፍ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል፤ አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ተብሎ ይጻፋል፣ ፍላት ማለት ድምፁ በግማሽ እርከን ዝቅ አለ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ አጻጻፍ የማቻቻል ውጤት ነው። ኪቦርድ አንዱን ስምንዮሽ፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት፣ ለ12 እኩል እርከኖች ይከፍለዋል፤ ክራር የሚቃኝ ሰው ግን ጅማቱን የሚያጠብቀው በጆሮው ልክ ነው፣ የማሲንቆ ተጫዋችም ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ በምንም ምልክት አልተወሰነም። በተለይ አንቺ ሆዬ በኪቦርድ ሲመታ አንዳንድ ድምፆቹ ከለመደው ጆሮ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ብለው ይሰማሉ፤ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ በኪቦርድ ታጅቦ ሲዘፍን በድምፁና በመሣሪያው መካከል የሚሰማው መጎርበጥ ምንጩ ይኸው ነው እንጂ የማንም ስሕተት አይደለም።

የፋብሪካዎቹ ዝርዝርም ይህን ክፍተት አልሞላም። እ.ኤ.አ. በ1991 «ጄኔራል ሚዲ» የተባለው ስምምነት ሲወጣ በሁሉም መሣሪያዎች ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚኖራቸው 128 ድምፆች ተወሰኑ፤ ከእነዚህ መካከል የሕንዱ ሲታር፣ የጃፓኖቹ ሻሚሰንና ኮቶ፣ ከአፍሪካም ካሊምባ ቦታ ሲያገኙ፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና አልተካተቱም። ስለዚህ የኢትዮጵያ አቀናባሪ የክራሩን ድምፅ ከጊታር፣ የዋሽንቱን ከሌላ ዋሽንት መሰል ድምፅ እየፈለገ፣ ቺክቺካ የተባለውን የስድስት ስምንተኛ ምትም በኪቦርዱ ማኅደር ውስጥ ራሱ እየጻፈ መሥራት ነበረበት። ይህ ድካም የሙያው እውነተኛ ትምህርት ቤት ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ሰው ኪቦርድ ብቻ ይዞ ሠርግ የሚያደምቅበት፣ አልበምም ያለ ባንድ የሚሠራበት የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ዓ.ም. አሠራር የነሐሱን ድምፅ ስላጠፋ ብዙ ተወቅሷል፤ ወቀሳው ውስጥ እውነት አለ፣ ሕያው የሳክስፎንና የትራምፔት ክፍል ያጣ ቅንብር ምን ያህል እንደሚደርቅ የዚያን ዘመን ካሴቶች ያዳመጠ ሁሉ ያውቀዋልና። ነገር ግን ወቀሳው ለሙዚቀኛው ፍትሕ አይሰጥም፤ ለስምንት ሰው የሚከፍል በሌለበት ከተማ ሙዚቃው እንዳይቆም ያደረገው ያው በአንድ ሰው እጅ ያለ ኪቦርድ ነው።

በዚያው ዘመን መሣሪያውን ከአጃቢነት ወደ ቅንብር ጠረጴዛነት ያሸጋገሩ ባለሙያዎች ተነሡ። ከአሜሪካ የተመለሰው አበጋዝ ክብረወርቅ ሽዮታ የጃዝ ስምምነትን ከአገር ቅኝት ጋር ያዋሐደ የቅንብር ስልት ሲያስለምድ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ የተማረው ኤልያስ መልካ ደግሞ በበገና ስቱዲዮው፣ መስከረም 2012 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስ፣ በኮምፒዩተርና በኪቦርድ የተሠራ ሙዚቃ ነፍስ ሊኖረው እንደሚችል አሳየ። የኤልያስ ሥራ ለቀጣዩ ትውልድ የተወው ትምህርት፣ በፕሮግራም የተሠራውን ምትና ባስ በሰው እጅ ከተመታ ጊታርና ከባህል መሣሪያ ጋር ማጋባት ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት እንደ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ያሉ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪዎች የአዝማሪና የዝማሬ ድምፆችን በላፕቶፕ አቀነባበሩ፤ ሮፍናን ኑሪ በ2010 ዓ.ም. ያወጣው «ነፀብራቅ» ደግሞ ይህ አሠራር ከጥቂት አድማጮች አልፎ ስታዲየም ሊሞላ እንደሚችል አረጋገጠ። የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች፣ በተለይም በመላኩ በላይ የሚመራው ፈንድቃ፣ የባህል ተጫዋቹና ዘመናዊው ሙዚቀኛ በአንድ ጣራ ሥር የሚገናኙበት መድረክ በመሆን ለዚህ ቅርርብ የራሳቸውን ድርሻ አበርክተዋል።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው የመምረጫ መለኪያ በፋብሪካ ማስታወቂያ ላይ ከሚጻፈው ይለያል። ማስታወቂያው የሚያጎላው የአዝራሮችንና የመብራቶችን ብዛት ነው፤ ለኢትዮጵያ ዜማ ግን በቅድሚያ ሊታይ የሚገባው ከቁልፎቹ በስተግራ ያለው የድምፅ ማጠፊያ ነው። ይህ ማጠፊያ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሳለ ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንሸራትት ሲሆን፣ በሚዲ ቋንቋ 16,384 ደረጃዎች ስላሉት ቁልፎቹ በ12 እርከን የቆራረጡትን ዜማ መልሶ ሊያያይዝ የሚችለው እርሱ ብቻ ነው። ሁሉም ኪቦርድ ግን እኩል አልሠራውም፦ የኤም-ኦዲዮ ኪስቴሽን 49 እውነተኛ ተሽከርካሪ ጎማ አለው፣ የአካይ ኤምፒኬ ሚኒ በአውራ ጣት የሚገፋ ትንሽ ዘንግ፣ የአርቱሪያ ሚኒላብ በጣት የሚዳሰስ ሰሌዳ፣ የኮርግ ናኖኪ 2 ደግሞ ተራ አዝራር አላቸው። የማሲንቆን ማንሸራተት ወይም የዋሽንትን መተንፈስ ለመከተል ጎማው ከሁሉም የተሻለ ነው፤ አዝራሩ ደግሞ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። የድምፆቹን ልክ ከአገሩ ቅኝት ጋር ለማስማማትም የሚፈለገው ውድ ኪቦርድ ሳይሆን፣ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ጥቂት ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚያስችል የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው።

የቁልፎች ብዛት ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ በገበያው ባለ 25፣ ባለ 37፣ ባለ 49፣ ባለ 61 እና ባለ 88 ቁልፍ ይገኛሉ። ባለ 25 ቁልፉ ሁለት ስምንዮሽ ብቻ ቢይዝም፣ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት በሁለት ስምንዮሽ ውስጥ 11 ድምፆችን ስለሚያገኝ፣ አምስት ወይም ስድስት ጅማት ላለው የክራር ዜማ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ የሚመጣው ግራ እጅ ባስ ሲይዝ ቀኝ እጅ ዜማ ሲያስኬድ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የአኮርዲዮኑን ባለ 41 ቁልፍ ስፋት አልፎ ለግራ እጅ ጥቂት ቦታ የሚተወው ባለ 49 ቁልፍ ትንሹ የሚበቃ መጠን ነው። ፒያኖ በመደበኛነት የሚማር ሰው ካልሆነ በቀር ባለ 88 ቁልፍ ለጠባብ ክፍል ሸክም፣ ለቀጭን ኪስም ዕዳ ነው። ቁልፉ የአመታት ኃይልን የሚለይ መሆኑ የግድ ነው፤ ያለዚህ ሁሉም ድምፅ እኩል ስለሚወጣ ቺክቺካው እንደ ሰዓት መምታት እንጂ እንደ እስክስታ ማንቀሳቀስ አይሆንለትም። ባለ ሙሉ መጠን ቁልፍ ከትንንሾቹ ይመረጣል፣ የእግር ፔዳል መሰኪያም ቢኖር ጠቃሚ ነው፤ ስለ ከበሮ መምቻ ሰሌዳዎችና ስለሚሽከረከሩ መቆጣጠሪያዎች ግን ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፣ ያንኑ ሥራ በኮምፒዩተሩ መዳፊትም ማከናወን ይቻላልና።

አብዛኞቹ እነዚህ ኪቦርዶች ኃይል የሚወስዱት በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ስለሆነ፣ መብራት ሲጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ ሥራው አይቋረጥም፤ ይህ በአዲስ አበባ ሁኔታ ከማንኛውም ተጨማሪ አዝራር የላቀ ጥቅም ነው። ቁልፉ ተነክቶ ድምፁ እስኪሰማ የሚፈጀው ጊዜ ከ10 ሚሊሴኮንድ ሲበልጥ እጅ መደናቀፍ ይጀምራል፤ ሆኖም ይህ መዘግየት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከኪቦርዱ ሳይሆን ከኮምፒዩተሩ የድምፅ ክፍል በመሆኑ፣ ያለውን ገንዘብ ሁሉ በኪቦርዱ ላይ አፍስሶ ሳውንድ ካርድ መርሳት ተደጋጋሚ ስሕተት ነው። ስለ ዋጋ ሲነሣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉ መታወስ አለበት፤ በዚህ ስሌት ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመር የ100 ዶላር ኪቦርድ ከ5,700 ብር ወደ 10,000 ብርና ከዚያ በላይ ዘልሏል። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ መግዛት የብዙዎች ብቸኛ መንገድ ሆኗል። ያገለገለ ሲገዛ እያንዳንዱን ቁልፍ ቀስ ብሎም ጠንከር አድርጎም መምታት፣ ማጠፊያው ሲለቀቅ ወደ መሐሉ መመለሱን ማረጋገጥና የዩኤስቢ መሰኪያው አለመላላቱን ማየት ይገባል፤ የሚደክሙት ክፍሎች እነዚህ ናቸውና። ባለ አምስት እግር ክቡ የሚዲ መሰኪያ ያለው አሮጌ የቤት ኪቦርድ በእጁ ያለ ሰው ደግሞ አዲስ መግዛት ላያስፈልገው ይችላል፤ ከ40 ዓመት በፊት የወጣው ቋንቋ አልተለወጠምና፣ በአነስተኛ ዋጋ የሚገኝ የማገናኛ ገመድ ብቻ ገዝቶ መሣሪያውን ከላፕቶፑ ጋር ሊያነጋግረው ይችላል።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የካዛንቺስ ነባር ቤቶች በብዛት ፈርሰዋል፤ ፈንድቃም ለዓመታት የሠራበትን ቤት ለቅቋል። ከቤቶቹ ጋር የተበተኑት ነዋሪዎችና ሙዚቀኞች ብቻ አይደሉም፤ በየሣጥኑ ተቀምጠው የነበሩ የካሴት ማስተሮች፣ የተሰበሩ ኦርጋኖች፣ ከኪቦርድ ውስጥ የወጡ የቅንብር ዲስኬቶችም በየጓዙ መሐል ሳይበተኑ አልቀሩም። በእነዚያ ዲስኬቶች ላይ ያለው የሚዲ ማኅደር ድምፅ ሳይሆን የእጅ እንቅስቃሴ መዝገብ ስለሆነ፣ አንድ አቀናባሪ የትኛውን ቁልፍ መቼና በምን ያህል ኃይል እንደመታ ከነምቱ ያሳያል፤ ኋላ ለሚመጣ ተማሪ ከካሴቱ የበለጠ የሚያስተምር ሰነድ ነው። የአንድ ሙሉ ዘፈን ቅንብር በዚህ መልክ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ከ100 ኪሎባይት አይበልጥም፣ ዲስኬት ግን በእርጥበትና በአቧራ በየዓመቱ ይበላሻል። እንዲህ ያለ ዲስኬት ወይም አሮጌ ኪቦርድ በቤቱ ያለ ሙዚቀኛ ወይም የሙዚቀኛ ቤተሰብ ሳይጥለው ይዘቱን ወደ ኮምፒዩተር እንዲያስገለብጥ፣ አንድ ቅጂም ለያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወይም ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት እንዲሰጥ ይለመናል።